ከስምንት እስከ አስር ሰዓት

ላ ሴይባ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1994

ኦርሊን፣

እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። ኬይሊን አድጋ የኔን ጫማ መልበስ ጀምራለች። ኖኤሚ የፊት ጥርሷ ወልቋል። እናትህም ጉልበታቸውን ከማመማቸው በቀር ደህና ናቸው። ያንተ ደብዳቤ ሰላምታ ስላልነበረው እኔም በዚሁ ላሳጥረው።

አዎ፣ እናትህ ያስጻፉልህ እውነት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ፤ የምመለሰው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አዎ፣ በፒክአፕ መኪና እስከ በር የሚያደርሰኝ ሰው አለ። ያ ኮፍያ ያደረገው «ጎረምሳ» ግን ሬይና ትባላለች። የክፍል ጓደኛዬ ናት፣ የሦስት ልጆች እናት። መኪናው ቀን ቀን የአባቷን አናናስ የምታመላልስበት ነው። እናትህ በመስኮት ያዩት ኮፍያውን ብቻ ነው፤ የቀረውን ከራሳቸው ጨመሩበት።

ወዴት ነው የምትሄጂው ላልከኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሂሳብ መምህርነት እየተማርኩ ነው። ከተመዘገብኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ሰባት ወር ስለደበቅኩህ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ይቅርታ የምጠይቀው ስለደበቅኩህ ነው፣ ስለተማርኩ አይደለም። ሁለቱን እንዳትቀላቅልብኝ።

ለምን ደበቅሽኝ ማለትህ አይቀርም። ባለፈው መጥተህ ሳለ የመመዝገቢያውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አግኝተህ «ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ በስተርጅና?» ብለህ ሳቅክ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አንተ መርከብህ ላይ በተሳፈርክ በሳምንቱ አወጣሁት።

«ቤቱስ በማን እጅ ነው?» ላልከው ቀኔን እንዳለ ልንገርህ። ንጋት አስራ አንድ ሰዓት እነሳለሁ። ልብስ ከማጠቤ በፊት ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አንድ ሰዓት አነባለሁ። ልጆቹን አብልቼ ትምህርት ቤት ከሸኘሁ በኋላ እስከ ሰባት ሰዓት ስፌት ነው። ዘንድሮ የሦስት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይዣለሁ። ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ቀመሮቹን በመርፌ ሰክቻቸዋለሁ፤ እጄ ሲሰፋ ዓይኔ ያነባል። ምሳ እናቀርባለን። ከስምንት እስከ አስር በሬን ዘግቼ አጠናለሁ። ከዚያ አርባ ደቂቃ አውቶቡስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቆሜ ነው የማነበው። ከአስራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ ነኝ።

ከስምንት እስከ አስር ያለው ሰዓት የኔ ነው። የጎደለ ምሳ፣ ያልታጠበ ሸሚዝ፣ የተራበ ልጅ ካለ ጻፍልኝ። ከሌለ ግን ይህን የጻፍኩልህ እንድታውቀው እንጂ ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም።

ኖልቢያ


ካርታሄና፣ ማርች 1 ቀን 1994

ኖልቢያ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰውየው ሴት ከሆነች ስለ እሱ የምለው የለኝም። ለእናቴም መነጽር ግዙላቸው።

ትምህርቱን ግን አልወደድኩትም። አንቺ ጎበዝ ሰፊ ነሽ፤ ላ ሴይባ ውስጥ ስምሽን የማያውቅ የለም። እኔም ያቅሜን እሠራለሁ። ምን ጎደለብሽ? መርከቡ ላይ አብሮኝ የሚሠራው ማካሪዮ ደብዳቤሽን በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አንብቦ «ስትመለስ ሚስትህ ጥግ ላይ በጉልበትህ ታንበረክክሃለች፣ የማባዛት ሰንጠረዥም ታስወርድሃለች» አለኝ። የመርከቡ ምግብ ቤት በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ግን አልጣመኝም።

ያንን የሰዓት ዝርዝርሽን አየሁት። ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ይገባል። ሰው ግን ብረት አይደለም። በሥራ ላይ ትምህርት የደረበ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል። ይህን የምልሽ ስለማውቅ ነው።

ይሄን የትምህርት ወቅት ጨርሺና አቁሚ። ጁላይ ላይ ስመጣ ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን። እስከዚያ ከስምንት እስከ አስር አረፍ በይ፤ እናቴንም እግራቸውን እሺልኝ። ልጆቼን ሳሚልኝ።

ኦርሊን


ላ ሴይባ፣ ማርች 24 ቀን 1994

ኦርሊን፣

አላቆምም።

ይህንን መጀመሪያ ላይ ያደረግኩት፣ የቀረውን እየፈራህ እንዳታነበው ብዬ ነው። አሁን ተረጋግተህ አንብብ።

እናትህ መጽሐፌን ደብቀውብኝ የሆነውን ሳልጨምር ሳላሳንስ ልንገርህ፤ እሳቸው በራሳቸው በኩል አስጽፈውልሃል መሰለኝ። ደብዳቤህ እንደደረሰ ኬይሊንን አስነበቧት። «አቁሚ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አስደገሟት። በነጋታው የስታቲስቲክስ መጽሐፌ ጠፋ። መጽሐፉ የሬይና ነው፤ ተራ በተራ ነው የምናነበው። አልጋ ስር ፈለግኩ፣ የበቆሎ ማድጋ ውስጥ ፈለግኩ። እናትህ ወንበራቸው ላይ ሆነው ባቄላ ይለቅማሉ።

«ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣ መጽሐፌን አይተውታል?» አልኳቸው።

«እኔ ማንበብ አልችልም፤ መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል?»

አልጮህኩም። ሄጄ የስፌት መኪናውን ቀበቶ ፈታሁና ኪሴ ከተትኩት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያረፍኩ ነው። ልጅዎ እረፊ ብሎኛል።»

ዩኒፎርማቸውን ሊወስዱ የመጡ እናቶች በር ላይ ተሰለፉ። እኔ ጥላ ስር ተቀምጬ ነበር፤ እያንዳንዷን ወደ እናትህ ላክኋት። «የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው» አልኩ። የመጀመሪያው ቀን አለፈ። በሁለተኛው ቀን የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ራሷ መጣች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ የዘይት ጠብታ አለ። የት እንደነበረ አልጠየቅኩም። ቀበቶውን መለስኩ፤ ሰፋሁ። ስምንት ሰዓት ሲሆን በሬን ዘጋሁ።

ምን ጎደለብሽ ብለኸኛል። ምንም ስላልጎደለብኝ አይደለም ወይ የምማረው? የጎደለበት ሰው የሚጎድለውን ይፈልጋል። እኔ የምፈልገው የምወደውን ነው። ልጅ ሆኜ የአባቴን የሙዝ ዘለላ የምቆጥረው እኔ ነበርኩ፤ ስህተት ተገኝቶብኝ አያውቅም። ያንን ልጅነቴን መልሼ እየወሰድኩ ነው፤ ካንተ የቀማሁት ነገር የለም።

«ስለማውቅ ነው» ያልካትን ግን አልረሳኋትም። ከየት አወቅከው?

ኖልቢያ


ኪንግስተን፣ ኤፕሪል 25 ቀን 1994

ኖልቢያ፣

በደህናው ጊዜ አራት ገጽ የምትጽፊ ሴት፣ አንድ መስመር ብቻ ስትልኪ ከአራቱ ገጽ ይልቅ ከበደኝ። «የማካሪዮ ሚስት ገበያ ላይ የነገረችኝ እውነት ነው ወይ?» ብለሻል። ሌላ ምንም አልጻፍሽም፤ ልጆቹ ደህና መሆናቸውን እንኳ።

እውነት ነው።

ባለፈው ኦክቶበር የመካኒክነት ፈተናውን አለፍኩ ብዬ የጻፍኩላችሁ ውሸት ነው። አላለፍኩም። ያ ሁለተኛዬ ነበር፤ የመጀመሪያውን መውደቄን ቀድሞውንም አልነገርኩሽም። አሁንም ድሮ በነበርኩበት ነኝ፤ ሞተር ሥር ገብቼ ዘይት እቀባለሁ። እናቴ ዶሮ አርደው ሰፈሩን እንዳበሉ ስትጽፊልኝ ደብዳቤሽን ይዤ ወደ መርከቡ ጀርባ ሄድኩ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ስድስት ወር ሆነው።

እዚህ አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት እረፍት ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ስምንት ሰዓት ብዙ ነው። እኔ ግን መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ አንድ ገጽ ሳልገልጥ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስነቃ ካርታ ይጫወታሉ፤ ና ይሉኛል፤ እሄዳለሁ። ጊዜ አልነበረኝም ማለት ቀላል ነው። ጊዜውስ ነበረኝ። የት እንደገባ ነው የማላውቀው።

የሰዓት ዝርዝርሽን ሳነብ ለምን እንደተናደድኩ አሁን ይገባሻል። ሁለት ልጅ፣ ሦስት ትምህርት ቤትና እናቴን ይዘሽ አንድ ቀን ውስጥ አራት ሰዓት ታገኛለሽ። እኔ ያንን ሰዓት ተኝቼበታለሁ።

ለእናቴ አትንገሪያቸው። የምለምንሽ ይህችን ብቻ ነው።

ኦርሊን


ላ ሴይባ፣ ሜይ 15 ቀን 1994

ኦርሊን፣

ልጆቹ ደህና ናቸው። ባለፈው ሳልጽፍ በመቅረቴ ይቅርታ፤ እጄ ለሌላ ቃል አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

ደብዳቤህን አንብቤ ወረወርኩት። ከዚያ አነሳሁት፤ ወለሉን ገና አጥቤው ስለነበር ግማሹ ረጥቧል። አንተ ስላቆምክ ነው እኔን አቁሚ ያልከኝ። አንተ የወደቅክበትን ጉድጓድ ለኔም ቆፈርክልኝ። በዚህ አልቀየምህም ብዬ አልዋሽህም፤ ቂም ይዣለሁ፤ ሲለቀኝ እነግርሃለሁ።

ለእናትህ አልነግራቸውም፤ የምትነግራቸው አንተ ነህ። የኔ ሥራ አይደለም።

እኔም የደበቅኩት አለኝ፣ እንግዲህ ሁለታችንም ገበናችን ይውጣ። ስታቲስቲክስ ባለፈው ወቅት ወድቄያለሁ። ማለፊያው ስልሳ ነው፤ እኔ ሃምሳ አንድ ነው ያገኘሁት። ለሁለተኛ ጊዜ ከወደቅኩ ቦታዬን ይወስዱብኛል። መልሶ ማመልከት የለም። መምህሩ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ደወሉ እንደጮኸ ቁልፉን ያዞራል። ውጭ የቀረ ይቀራል። ስለዚህ ከስምንት እስከ አስር በሬን የምዘጋው ጉራ ስለሆነ አይመስልህ። ፈርቼ ነው።

አሁን ስለ ሰዓት ላልከኝ ልመልስልህ። ስምንት ሰዓት አለኝ አትበል፤ የለህም። ሁለት ሰዓት ይዘህ እሷን እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቃት። ተኝተህ አታንብብ፤ አልጋ የማንም ወዳጅ አይደለም። ተቀምጠህ፣ ከተቻለም ቆመህ አንብብ። መጀመሪያ የሚከብድህን ጀምር፤ የሚቀልህን ለመጨረሻ አስቀረው። የገባህን በራስህ ቃል ለአንድ ሰው አስረዳ፤ ሰው ካጣህ ለሞተሩ አስረዳው። እኔ የማስረዳው ለኖኤሚ ነው። ምንም አይገባትም፣ ግን ስሳሳት ፊቴ ላይ ታውቀዋለች፤ «እማ፣ ዋሸሽ» ትለኛለች።

ደግሞ ስምህን ጽፈህ በር ላይ ለጥፍ። «ኦርሊን እያጠና ነው» በል። ይሳቁ። ሲሰለቻቸው ይተዋሉ።

ኖልቢያ


ኮሎን፣ ጁን 26 ቀን 1994

ኖልቢያ፣

ለጠፍኩት። የልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ላይ። ሌላ የሚቀመጡበት ቦታ አልተገኘም፤ መኪናዎቹ ሲያጥቡ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር አይታሰብም። በማግስቱ አንዱ ከወረቀቴ ሥር «ሚስቱ አዝዛው ነው» ብሎ ጨመረበት። አልቀደድኩትም። ከሥሩ «እውነት ነው» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ወዲህ ዝም አሉ። ማካሪዮ ጭራሽ የቆሸሸ ልብሱን ይዞ እየመጣ የነዳጅ ግፊት እንዳስረዳው ይጠይቀኛል። ልቡ ከልብሱ እንደማያልፍ አውቃለሁ፤ ግን አስረዳዋለሁ።

እግርሽ ማበጡን ኬይሊን ጽፋልኛለች፤ አንቺ ግን አልነገርሽኝም። ምንም እንዳልሆንሽ አድርገሽ ማለፍ ትወጃለሽ። አትለፊው።

አሁን ደስ የሚልሽን ልንገርሽ። ፖርቶ ኮርቴስ የምንገባው ጁላይ 22 ማለዳ ነው። ከዚያ በአውቶቡስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላ ሴይባ እደርሳለሁ። አንቺም፣ ልጆቹም፣ እናቴም ጣቢያው ላይ ጠብቁኝ። ቢጫዋን ቀሚስሽን ልበሺ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ኦርሊን


ጠረጴዛው ላይ የተተወ፣ ጁላይ 22 ቀን 1994

ኦርሊን፣

እንኳን ደህና መጣህ። ጣቢያው ላይ ስታጣኝ ኬይሊን ነግራሃለች፤ ግን ከኔም መስማት አለብህ።

የስታቲስቲክስ ፈተናው ዛሬ ነው፣ ከስምንት እስከ አስራ አንድ ሰዓት። ቀኑን የነገሩን አንተ ደብዳቤህን ከላክህ በኋላ ነው። ቀን እንዲለውጡልኝ አልጠየቅኩም፤ አይለውጡም፤ ቢለውጡም አልጠይቅም ነበር። እናትህ «ባሏ ከባሕር ሲመጣ ፈተና የምትቀመጥ ሴት አላየሁም» ብለዋል። እንግዲህ አዩ።

ባቄላው ድስት ውስጥ ነው፤ ቂጣው በጨርቅ ተሸፍኗል፤ አይቡ ከላይ ነው። ቢጫዋን ቀሚስ ለብሻለሁ።

አስራ ሦስት ወር ጠብቄሃለሁ። ሦስት ሰዓት ጠብቀኝ።

ኖልቢያ


በባሕር ላይ፣ ኦገስት 28 ቀን 1994

ኖልቢያ፣

ያን ቀን የዩኒቨርሲቲሽ በር ላይ ምን እያሰብኩ እንደጠበቅኩሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠየቅሽኝ፤ እኔም «ምንም» እያልኩ ሄድኩ። በቃል አይወጣልኝም። በወረቀት ይሻለኛል።

ማስታወሻሽን ቆሜ አነበብኩት። እናቴ «ያው ሚስትህ» አሉኝ። ተቀምጬ በላሁ። ባቄላው ጥሩ ነበር፤ ያ ይበልጥ አናደደኝ። የምልሽን እያሰናዳሁ ነበር፤ ከመርከብ የወረደ ሰው ቤቱ ውስጥ ባዶ ወንበር አይገባውም፣ እንዲህ እንዲህ። ከዚያ ተነስቼ አውቶቡስ ያዝኩ። እዚያው በር ላይ ልነግርሽ ነበር የሄድኩት፤ ሰው ቢሰማም ግድ አልነበረኝም።

ጥበቃው አስቆመኝ። ሽማግሌ ነው፤ ቀይ ፎጣ አንገቱ ላይ ያደርጋል።

«ወላጅ ነህ?» አለኝ።

«ባል ነኝ።»

«የማን?»

ስምሽን ነገርኩት።

«አይ፣ ያቺ ቶሎ አትወጣም» አለኝ። «ሁልጊዜ መጨረሻ ናት። ቁጭ በል።» ደግሞ አይቶኝ «መርከበኛው አንተ ነህ? ስለ አንተ ታወራለች» አለ።

ምን ብላ እንደምታወራ አልጠየቅኩትም፣ ፈራሁ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልጆች ናቸው የሚወጡት፣ አስራ ስምንት፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት። የሚስቅ አለ፣ የሚያለቅስ አለ። አስራ አንድ ሰዓት አለፈ። መጨረሻ ላይ ወጣሽ፤ ቢጫ ቀሚስ፣ ጣትሽ በቀለም ጠቁሯል። አየሽኝ። እንኳን ደህና መጣህ ሳትዪ «ሦስተኛውን ጥያቄ አልሠራሁትም» አልሽኝ።

ያሰናዳሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «ሌሎቹስ?» ብቻ አልኩ።

ስታወሪ ስታወሪ ጣቢያው ደረስን፤ ከምትዪው ግማሹም አልገባኝም። ያሰብኩት ይህን ነው፦ ይህችን ሴት አስራ ሦስት ዓመት አግብቻት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ጥበቃው ሰምቷታል። ያ ነው የቆጨኝ።

የኔ ፈተና ሴፕቴምበር 20 ነው። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን እጽፍልሻለሁ። እናቴ ፊት ጮክ ብለሽ አንብቢው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ውድቀቶቼንም ጨምሬ እጽፋለሁ። ፊት ለፊት ቆሜ መናገር ነበረብኝ፤ ሦስት ሳምንት አንድ ቤት ተቀምጠን ድፍረት አጣሁ። ለዚህ ይቅርታ።

ኦርሊን


ላ ሴይባ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1994

ኦርሊን፣

ሰባ አንድ። ባለፈው ደብዳቤ ነግሬህ እንደገና የምጽፈው መጻፉ ደስ ስለሚለኝ ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ ሳልሠራ ሰባ አንድ። ቦታዬን አልነኩትም። ለሚመጣው ወቅት አራት ትምህርት ተመዝግቤያለሁ፤ መዝጋቢዋ «ቤተሰብ የላትም እንዴ?» ብላ አየችኝ፤ «አላት፤ ይጠብቃሉ» አልኳት።

አንተ ያዘዝከኝንም አድርጌያለሁ። ትናንት ከምሳ በኋላ እናትህን አስቀምጬ ደብዳቤህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። መውደቅህን፣ አልፌያለሁ ማለትህን፣ አሁንም ለሦስተኛ ጊዜ መውደቅህን። አንድ ቃል አልዘለልኩም። ባቄላ መልቀማቸውን ትተው ነበር። ስጨርስ እንደሚያለቅሱ ወይ እኔን እንደሚሰድቡ ጠበቅኩ፤ ሁለቱም ባሕሪያቸው ነው።

«ለማለፍ ስንት ጥያቄ ቀረው?» አሉኝ።

«ሁለት።»

«በፊትስ?»

«በፊት አስራ አንድ ነበር።»

ጣታቸውን ዘርግተው ቆጠሩ። ማንበብ አይችሉም እንጂ ቁጥር ያውቃሉ።

«ከአስራ አንድ ወደ ሁለት ከወረደ» አሉ፣ «ታዲያ ምን ሆነ ብሎ ነው እንደ ሞተ ሰው የሚጽፈው?» ወዲያው ዘወር ብለው፣ «አንቺስ ምን ተገትረሻል? ስምንት ሰዓት አልፏል» አሉኝ።

ደግ ሆነዋል ብዬ አልነግርህም፤ አልሆኑም። ዛሬ ጠዋት በጨው ተጣልተናል። ግን ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ተደግፋ ስላንተ ማዕረግ ስትጠይቃቸው ሰማሁ። «አልፏል» አላሉም። «ወድቋል፣ ገና ለፈተና ይቀመጣል» ብለው መጥረጊያቸውን አነሱ። ሴትየዋ የምትለው ጠፍቷት ወደ ቤቷ ገባች።

ስለዚህ አሁን የምትደብቀው የለህም። ሰፈሩ አውቋል፣ ልጆችህ አውቀዋል፣ መርከቡም ከማንም በፊት አውቋል። የያዝኩብህን ቂም ሲለቀኝ እነግርሃለሁ ብዬህ ነበር፤ ማክሰኞ ዕለት ፈልጌ አጣሁት።

ጃንዋሪ ላይ እንደገና ለፈተናው ተቀመጥ። አጥና። ለማንም ይቅርታ አትጠይቅ።

ኖልቢያ